ተቀናቃኝን ስለ ራሱ በጀት እንዲከራከር ሲያስገድዱ የሚሠሩ ስህተቶች

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ምክር ቤቶቹ እጅ የሚያወጡት ገበሬው እርሻ ላይ በተጠመደበት ክረምት ስለሆነ የሚከታተላቸው ጥቂት ነው። ለተቃዋሚ ግን ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ሕዝብ የማይወደው ሐሳብ በወረቀት ሰፍሮ፣ ማን እንደደገፈው በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል። ያንን ይዞ «ይህን ለምን ደገፍከው?» ብሎ በአደባባይ መጠየቅ የቆየ ስልት ነው። ብዙዎች ግን ያበላሹታል።

ያላለውን ማስባል። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ሪፐብሊካኑ ፖል ራያን፣ ሜዲኬር የተባለውን የአረጋውያን የሕክምና መድን የሚለውጥ ዕቅድ አቀረበ። በወቅቱ 55 ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች ተራቸው ሲደርስ፣ በነባሩ መድን ፋንታ የግል መድን መግዣ ድጎማ ይሰጣቸዋል የሚል ነበር። ምክር ቤቱ በ235 ድምፅ አሳለፈው። ዲሞክራቶች ጉዳዩን ይዘው ወጡ፤ ግንቦት ውስጥ በኒውዮርክ በተደረገ ማሟያ ምርጫ ካቲ ሆኩል የሪፐብሊካኖችን ወንበር ወሰደች። በማግስቱ ዲሞክራቶች በሚመሩት ሴኔት ዕቅዱ ለድምፅ ቀረበ። እንደማያልፍ ሁሉም ያውቃል፤ የተፈለገው እያንዳንዱ ሪፐብሊካን ስሙን እንዲያስመዘግብ ነበር። 40 ለ57 ወደቀ።

እስከዚህ ድረስ ሥራው ንጹሕ ነው። ከዚያ ግን «ሜዲኬርን ሊያጠፉት ድምፅ ሰጡ» ማለት መጣ። ፖለቲፋክት የተባለው መረጃ አጣሪ ተቋም ይህን አባባል የዓመቱ ውሸት ብሎ ሰየመው። ዕቅዱን ማስረዳት ይከብዳቸው የነበሩት ሰዎች ስለ ዕቅዱ ሳይሆን ስለ ውሸቱ የሚያወሩበት በር ተከፈተላቸው። እኛም ዘንድ የጤና መድን መዋጮ ይጨመር የሚል ሐሳብ ቢመጣ፣ «ጤና መድን ሊዘጋ ነው» ከማለት ጭማሪውን በብር መናገር ይሻላል። እውነቱ ራሱ በቂ ነው።

የራስን ወረቀት መርሳት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። ሴኔቱ ያንኑ ዕለት የኦባማንም በጀት ለድምፅ አቅርቦት 0 ለ97 ነው የወደቀው፤ የገዛ ፓርቲው ሰዎች እንኳ አልደገፉትም። በ2012 ደግሞ ሪፐብሊካኑ ሚት ሮምኒ ራያንን ምክትሉ አድርጎ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር፣ ኦባማን ከሜዲኬር 716 ቢሊዮን ዶላር ቀነስክ ብሎ ከሰሰው፤ ያንኑ ቅነሳ ግን የራያን በጀትም ይዞት ነበር። «እናንተስ ከየት ልታመጡት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው ባይጀምረው ይሻለዋል።

የተሳሳተ ደጃፍ ማንኳኳት። የወረዳ በጀት በአብዛኛው ከክልል የሚመጣ ድጎማ ነው፤ ከዚያም ትልቁ ድርሻ ለደመወዝ ይሄዳል። የመሐል ሜዳን ወይም የእነዋሪን የምክር ቤት አባል ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ብትይዙት «እኔ አልወሰንኩትም» ይላችኋል፤ እውነቱንም ነው። እርሱን መጠየቅ የሚቻለው እጁን ስላወጣበት ነገር ነው፦ ለግንባታ የሚያዘው የካፒታል በጀት ለየትኛው ቀበሌ ዋለ፣ ቀሪው መንገድ ለምን በሕዝብ መዋጮ ይሠራ ተባለ፣ ለመኪናና ለስብሰባ አበል ስንት ተያዘ። በነገራችን ላይ፣ ሁሉም ወንበር በአንድ ፓርቲ እጅ ባለበት ምክር ቤት በአንድ ድምፅ ጸደቀ የሚለው ዜና ብዙም አይነግራችሁም፤ ከድምፁ በፊት ማን ምን ጠየቀ የሚለው ይበልጣል።

በመቶኛ ማውራት። የበጀት ጉድለት ይህን ያህል በመቶ ነው ብትሉ ገበያ ላይ የሚሰማችሁ የለም። በአንድ አባወራ ላይ ስንት ብር እንደሚመጣ ተናገሩ።

ሲያፈገፍግ መልቀቅ። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ በቤታቸው ለሚጦሩ አረጋውያን የእንክብካቤ ክፍያ ሲሰላ የመኖሪያ ቤታቸው ዋጋም እንዲታሰብ በምርጫ ሰነዷ አስገባች። ተቀናቃኞቿ «የመርሳት በሽታ ግብር» አሉት። በአራት ቀን ውስጥ ለክፍያው ጣሪያ ይደረግለታል ብላ፣ «ምንም አልተለወጠም» ስትል ተከራከረች። ያኔ «አሸነፍን» ብለው ቢተዉት ነገሩ በዚያው ሊበርድ ይችል ነበር። እነርሱ ግን ጣሪያው ስንት ነው ማለቱን ቀጠሉ። ቁጥሩን ሳትናገር ምርጫው ደረሰ፤ ሰኔ 8 ቀን እ.ኤ.አ. ፓርቲዋ የምክር ቤት አብላጫውን አጣ። ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፤ ይህ ግን ከዋነኞቹ አንዱ ነው።