ከብዙ ዳታቤዝ አንድ ሪፖርት ሲያወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ የዞኑን የግብርና ሪፖርት የሚያዘጋጅ ባለሙያ የአርሶ አደሩን ምዝገባ ከአንድ ዳታቤዝ፣ የማዳበሪያ ሽያጩን ከሌላ፣ የወረዳውን ዕቅድ ከኤክሴል አምጥቶ ፓወር ቢአይ በሚባለው የሪፖርት ማውጫ መሣሪያ ላይ ያገናኛል እንበል። ክፉው ነገር መሣሪያው ብዙ ጊዜ ስህተት አለ አይልም፤ የተሳሳተውን ድምር አሳምሮ ያወጣዋል።

በስም ማያያዝ። ከሁሉ የሚብሰው የሁለት ሠንጠረዥን ረድፎች በስማቸው መመሳሰል ብቻ ማገናኘት ነው። «መሐል ሜዳ» እና «መሃል ሜዳ» ለአንባቢ አንድ ከተማ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሐ እና ሃ ለየብቻ ፊደል ስለሆኑ አይገናኙም። «ደብረ ብርሃን» እና «ደብረብርሃን»ም እንዲሁ። ከስሙ መጨረሻ የቀረች አንዲት ባዶ ቦታ እንኳ ማያያዣውን ታፈርሳለች። በዚያ ላይ ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን አማራ ክልልም ኦሮሚያ ክልልም ስላለ፣ አገር አቀፍ መረጃን በዞን ስም ብቻ ያያያዘ ሰው የደብረ ብርሃኑን ከፍቼው ጋር ይደባልቃል። መፍትሔው አንድ የማጣቀሻ ሠንጠረዥ መሥራት ነው፦ ለእያንዳንዱ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳና ቀበሌ ኮድ ይሰጡና በየዳታቤዙ የተገኘውን አጻጻፍ ሁሉ ከኮዱ ትይዩ ይመዘግባሉ። የኮዱ ዓምድ ጽሑፍ ይሁን፤ 0407 እንደ ቁጥር ከተነበበ 407 ሆኖ ይቀራል፣ አቻውንም አያገኝም።

ሳይደምሩ ማያያዝ። አንድ አርሶ አደር 3 ማሳ አለው፤ ማዳበሪያም ሁለት ጊዜ ገዝቷል፣ መጀመሪያ 2 ኩንታል፣ ኋላ 1 ኩንታል። ማሳውንና ግዢውን በሰውየው መለያ ቁጥር በቀጥታ ቢያያይዙ 6 ረድፍ ይወጣል። እያንዳንዱ ግዢ በማሳው ቁጥር ልክ ስለሚደጋገም 3 ኩንታሉ 9 ይሆናል፤ የመሬቱ ስፋትም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ግዢውን ለብቻ፣ ማሳውን ለብቻ በአርሶ አደር ይደምሩ፤ አንድ ሰው አንድ ረድፍ ሲሆን ያያይዙ። የተደጋገመውን ረድፍ መሰረዝ መፍትሔ አይደለም፤ ሰውየው በእርግጥ 1 ኩንታል ሁለት ጊዜ ገዝቶ ከሆነ አንዱ ይጠፋል።

በሁለቱም ወገን ያለውን ብቻ ማስቀረት። እንዲህ ሲሆን ማዳበሪያ ያልደረሰው ቀበሌ ከሪፖርቱ ይወጣል፤ ክትትል የሚያሻው ደግሞ እሱ ነበር። የቀበሌዎቹን ሙሉ ዝርዝር በግራ ያስቀምጡና የግራውን ሁሉ የሚይዘውን ማያያዣ ይምረጡ። ከዚያ ከሽያጩ በኩል ተነሥተው ቀበሌ ያላገኙትን ረድፎች ለብቻ ያውጡ፤ የአጻጻፍ ስህተቱ ያለው እዚያ ነው።

ቀኑን በግምት መለወጥ። «የካቲት 30»ን በፈረንጅ ቀን ዓምድ ውስጥ 30/2 ብለው ቢያስገቡ አይቀበልም፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች አትገባም። ቋሚ የቀን ልዩነት መቀነስም አያስተማምንም፦ መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ሲውል፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን የያዘ የቀን ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፤ የበጀት ዓመቱም ከሐምሌ 1 ይጀምር።

መለኪያውንም ይዩት፤ አንዱ በኪሎ ሌላው በኩንታል መዝግቦ ሊሆን ይችላል። የማያስፈልገውን ዓመት ከማያያዝዎ በፊት ይቀንሱ፣ ያለዚያ ሪፖርቱን በአዲስ መረጃ ማደሱ ብዙ ሰዓት ይበላል።

ከእያንዳንዱ ማያያዝ በፊትና በኋላ የረድፉን ብዛትና የኩንታሉን ድምር ጽፈው ያስተያዩ። ድምሩ ከጨመረ መደጋገም አለ፤ ከቀነሰ አቻ ያጣ ረድፍ አለ። ካልተስተካከለ ወደሚቀጥለው ሠንጠረዥ አይሂዱ።