የተተወ የዌልስ ማዕድን ማውጫ እንዴት ይመዘገባል?

በዌልስ ተራሮች ላይ ተቆፍረው የተተዉ የብረታ ብረት ማዕድን ማውጫዎች ወደ 1,300 ይጠጋሉ። እርሳስ፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ብር፣ አልፎ አልፎም ወርቅ የወጣባቸው ናቸው። አብዛኞቹ ዘበኛም ሆነ የመግቢያ ትኬት የላቸውም፤ በግ የሚግጥበት ተዳፋት ላይ የፈራረሰ ግንብና የድንጋይ ቁልል ሆነው ቀርተዋል። ባለሙያዎቹ ሁሉንም ማዳረስ ስለማይችሉ፣ ቅዳሜና እሁዳቸውን የሚሰጡ በጎ ፈቃደኞች ክፍተቱን ይሞላሉ። ካርዲፍ፣ ሊቨርፑል ወይም በርሚንግሃም የምትኖሩ በቀላሉ ልትቀላቀሏቸው ትችላላችሁ። ደግሞም የሥራው ግማሽ ኮምፒውተር ፊት የሚሠራ ስለሆነ አዲስ አበባ ተቀምጦም ይጀመራል።

ጥገና የሚመጣው ከምዝገባ በኋላ እንደሆነ ከወዲሁ ያዙልኝ። ያልተመዘገበ ግንብ ላይ ሲሚንቶ የለጠፈ ሰው፣ ሐሳቡ ቅን ቢሆንም፣ ማስረጃ አጥፍቷል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከካርታው ጀምሩ

አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ። ስሙን ኮፍላይን ላይ ፈልጉት፤ በ1908 የተቋቋመውና ዛሬ አበሪስትዊዝ ከተማ ውስጥ የሚገኘው የዌልስ የታሪካዊ ሐውልቶች ንጉሣዊ ኮሚሽን በነጻ የሚያቀርበው የኢንተርኔት ማውጫ ነው። የአንዳንዱ ማዕድን ማውጫ ገጽ ሙሉ መግለጫ አለው፤ የአንዳንዱ ግን ከስሙና ቦታውን ከሚያመለክተው የካርታ ቁጥር በቀር ምንም የለውም። ለጀማሪ የሚበጀው ይህ ሁለተኛው ነው።

ቀጥሎ አሮጌ ካርታ ያስፈልጋችኋል። የዌልስን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ዝርዝር ካርታዎች በነጻ የሚያሳየው የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ነው። አሮጌውን ካርታ በዛሬው የሳተላይት ምስል ላይ ደርባችሁ፣ አንዱን እያደበዘዛችሁ ሌላውን ታያላችሁ። «ሻፍት» የተባለው ቁልቁል የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ «ሌቭል» የተባለው ደግሞ ከተራራው ጎን አግድም የሚገባ ዋሻ። ሁሉንም ነቁጥ በዝርዝር ጻፉ።

ከዚያ ላይዳር ክፈቱ። ከአውሮፕላን በሚተኮስ ሌዘር የተሠራ የመሬት ቅርጽ ምስል ነው፤ ዛፉንና ቁጥቋጦውን ገፎ ባዶ መሬቱን ያሳያል። የዌልስ መንግሥት መላ አገሩን የሸፈነውን መረጃ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። ጫካ የዋጠው የውሃ ቦይ ተራራውን እንደታጠቀ ቀጭን መስመር ሆኖ ብቅ ሲል ማየት ደስ ያሰኛል።

ሰነዶቹን በተመለከተ፣ በ1872 የወጣው ሕግ የሚዘጉ ማዕድን ማውጫዎች ፕላናቸውን ለመንግሥት እንዲያስረክቡ አስገድዶ ስለነበር፣ የብዙዎቹ የከርሰ ምድር ንድፍ ተርፏል። ኩባንያዎቹ አክሲዮን ለመሸጥ ያሳተሙትን ማስታወቂያ ግን በጥርጣሬ አንብቡት። እዚያ ላይ ያልበለጸገ ጉድጓድ የለም።

ባለቤቱን አነጋግሩ

እያንዳንዱ ጉድጓድ የአንድ ሰው መሬት ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የበግ አርቢ። መጀመሪያ ደውሉ፣ ማንነታችሁንና የምትሠሩትን ንገሩት፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ሰውየው የፈቃድ ምንጭ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ጉድጓድ በግ እንደዋጠ፣ የትኛው ግንብ ፈርሶ የማን በረት እንደተሠራበት የሚያውቀው እሱ ነው። ሻይ ከጋበዛችሁ ደብተራችሁን አውጡ።

ቦታው በሕግ የተጠበቀ መሆኑንም አጣሩ። የዌልስ መንግሥት የቅርስ መሥሪያ ቤት የሆነው ካዱ ዝርዝሩን ይዟል። በተጠበቀ ቦታ ላይ ያለ ፈቃድ መቆፈር፣ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ መጠቀምም ሆነ ግንብ መነካካት ወንጀል ነው። ማየት፣ መለካትና ፎቶ ማንሳት ግን አይከለከልም።

ዋሻው ይቆያችሁ

ጀማሪ ሁሉ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ዋሻው አፍ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያ ዓመታችሁን ከመሬት በላይ እንድትሠሩ እመክራለሁ። ውስጥ ወለል የሚመስለው ነገር አንዳንዴ ከታቹ ባዶ የሆነ የበሰበሰ እንጨት ነው፤ ኦክስጅን ያነሰው አየርም ሽታ ስለሌለው አያስጠነቅቅም። መግባት የሚፈልግ ልምድ ካለው ቡድን ጋር፣ ሄልሜትና መጠባበቂያ መብራት ይዞ፣ የመመለሻ ሰዓቱን ውጭ ላለ ሰው ነግሮ ይግባ። አደጋ ከደረሰ 999 ደውሎ ፖሊስን፣ በፖሊስ በኩልም የዋሻ ነፍስ አድን ቡድንን መጠየቅ ነው። የሌሊት ወፎች በክረምት ዋሻው ውስጥ ስለሚያንቀላፉና በሕግም ስለሚጠበቁ በዚያ ወቅት አትረብሿቸው።

ከላይም ቢሆን ጥንቃቄ አለ። የጉድጓድ አፍ ዙሪያ መሬቱ ሊናድ ይችላልና አትጠጉ። ከዋሻ የሚወጣ ውሃ ኩል ቢል እንኳ አይጠጣም፤ ዚንክና ካድሚየም አይታዩም። የማዕድን ትርፍራፊው ክምር ላይ ያለው አቧራ እርሳስ ስላለበት ምሳ ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ።

ውሃውን ተከተሉ

ቦታው ላይ ስትደርሱ ሁሉም ነገር የተዘበራረቀ ድንጋይ ሆኖ ይታያችኋል። ሥርዓቱን የሚገልጥላችሁ ውሃው ነው። የዌልስ ማዕድን ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው በውሃ ኃይል ስለነበረ፣ ሕንጻዎቹ ሁሉ ከላይ ወደ ታች በውሃው መንገድ ላይ ይደረደራሉ።

ላዕላይ ጫፍ ላይ ትንሽ ግድብ ይኖራል፤ ከእሱ ቦዩ ተነሥቶ ተዳፋቱን እየታከከ፣ ለዓይን በማያስታውቅ ቁልቁለት ይሄዳል። መጨረሻው ረጅምና ጠባብ፣ በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ ነው፤ የውሃ መንኮራኩሩ ይሽከረከርበት የነበረው ቦታ። ርዝመቱንና ስፋቱን ለኩ፤ የመንኮራኩሩን መጠን በግምት ይነግራችኋል። አሁን ጎንበስ ብላችሁ የውስጥ ግድግዳውን በመብራት ከጎን አብሩት። ቅስት ቅርጽ ያላቸው ጭረቶች ካያችሁ፣ መንኮራኩሩ ዘምሞ ግንቡን ሲፍቅ የተዋቸው ናቸው፤ ከቅስቱ ላይ ዲያሜትሩን ማስላት ይቻላል። ጠፍጣፋው አናት ላይ የቆሙት የዛጉ ብሎኖች ደግሞ ዘንጉ የት እንዳረፈ ያሳያሉ። ፎቶ አንሷቸው እንጂ አትነቅንቋቸው።

ከመንኮራኩሩ በታች መፍጫውና ማጠቢያው ይከተላሉ። የእርሳስ ማዕድን ከነጭ ባልጩት ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ፣ ድንጋዩን ፈጭቶ በውሃ ማጠብ ለመለየት ይበቃል። ደቃቁ የሚታጠበው ክብ ገንዳ ውስጥ ነበር፤ ዛሬ ሣር ሸፍኖት ከሩቅ ሲያዩት አውድማ ይመስላል። ከእሱ በታች ደቃቅ አሸዋ፣ ከመፍጫው አጠገብ ሻካራ ጠጠር ታገኛላችሁ። ምንም የማይበቅልበት ግራጫ ክምር ትርፍራፊ ይምሰል እንጂ የፋብሪካው መዝገብ ነው፤ የደቃቁ መጠን መሣሪያው ምን ያህል እንደተሻሻለ ይናገራል።

እዚህ ላይ ክርክር አለ። ለወንዝ ተቆርቋሪዎች ይኸው ክምር መርዝ ነው፤ እውነታቸውንም ነው፣ ዝናብ በመታው ቁጥር ብረቱ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ከአበሪስትዊዝ ብዙም የማይርቀውን፣ በ1898 የቤልጂየም ኩባንያ ተረክቦ በኤሌክትሪክ ያሠራውን የፍሮንጎክን ክምር በአፈር የሸፈኑት ብክለቱን ለመቀነስ ነው። የአካባቢ ጥበቃው ሥራ መቅደም እንዳለበት አምናለሁ፤ ስለዚህም ነው ማሽኑ ከመግባቱ በፊት መዝጋቢ መግባት ያለበት።

ፎቶና ልኬት

ሜትር፣ ኮምፓስ፣ በፎቶ ላይ መጠን የሚያሳይ ባለ ቀለም ምልክት በትር፣ የማይርስ ደብተርና እርሳስ ይበቃሉ። የብሪታንያን የካርታ ቁጥር በሁለት ፊደልና በአሥር አኃዝ ጻፉ፤ አሥር አኃዝ እስከ አንድ ሜትር፣ ስድስት አኃዝ ግን እስከ መቶ ሜትር ብቻ ይለያል። ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ስልካችሁ ያሳሳታችኋልና ከአሮጌው ካርታ ጋር አስተያዩት።

ፎቶ ከሩቅ ወደ ቅርብ ይሁን፤ በትሩ ይግባበት፣ ወዴት እያያችሁ እንዳነሳችሁም ይጻፍ። ባለ ሦስት ገጽታ ምስል መሥራት ከፈለጋችሁ ግንቡን እየዞራችሁ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀዳሚው ጋር ከግማሽ በላይ እንዲደራረብ አድርጋችሁ አንሱ። ደመናማ ቀን ይመረጣል፣ ያ ደግሞ ዌልስ ውስጥ አይቸግርም።

ያያችሁትንና የገመታችሁትን አታቀላቅሉ። «5 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጎድጓዳ» አንድ መስመር፤ «ምናልባት የማጠቢያ ገንዳ» ሌላ መስመር። ግምቱ ሊሻር ይችላል፣ ልኬቱ ይቆያል።

ድንጋዩን እዚያው ተዉት

ኩምአስትዊዝ በተባለው ሸለቆ፣ ኮፓ ሂል ላይ የተገኙት የመጀመሪያ ማስረጃዎች ጫፋቸው የተፈረከሰ ድቡልቡል ድንጋዮች ነበሩ። ከባሕር ዳርቻና ከወንዝ ተለቅመው የመጡ መዶሻዎች ናቸው፤ በእነሱ መዳብ ይፈለጥ የነበረው ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በነሐስ ዘመን ነው። እዚሁ ኮረብታ ሥር በ2002 ቀጭን የወርቅ ክብ ተገኘ፤ በዌልስ ከተገኙት የወርቅ ጌጦች ሁሉ የሚቀድም ነው። አንግልሲ ደሴት ያለው የፓሪስ ተራራም (ከፈረንሳዩ ከተማ ጋር አይምታታባችሁ) በ1768 ትልቁ የመዳብ ክምችት ሲገኝ ዓለምን ያስደነቀ ቢሆንም፣ ከሥሩ የነሐስ ዘመን ቁፋሮ እንዳለው የታወቀው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የተፈረከሰ ድቡልቡል ድንጋይ ካያችሁ እንዳለ ፎቶ አንሱ፣ የካርታ ቁጥሩን መዝግቡ፣ ወደ ኪሳችሁ ግን አይግባ። ከቦታው የተነሣ መዶሻ ተራ ድንጋይ ነው።

መጠገን ከመጣ

ይህ የቡድን ሥራ ነው፣ ባለቤቱና ካዱ ከፈቀዱ በኋላ። ቁጥቋጦ የሚመነጠረው ወፎች ከሚጥሉበት ጊዜ ውጭ ነው፤ ከማርች እስከ ኦገስት መጥረቢያው ይቀመጥ። ግንብ ውስጥ የበቀለ ዛፍ ከሥር ይቆረጣል እንጂ አይነቀልም፣ ሥሩ ግንቡን ይዞት ይወጣልና። ማያያዣው ኖራ ይሁን፤ ሲሚንቶ እርጥበት አምቆ አሮጌውን ድንጋይ ይሰነጥቃል። የጎደለውን አዲስ አስመስሎ መገንባትም አይመከርም፣ የቆመው እንዳይወድቅ መያዝ ይበቃል።

አስረክቡ

ስልካችሁ ላይ የቀረ ፎቶ አልተመዘገበም። የክልል አርኪዮሎጂ ድርጅቶች በ2024 ተዋህደው ሄነብ የሚባል አንድ ተቋም ሆነዋል፤ የአካባቢ መዝገቦቹን የሚይዘው እሱ ነው። ፎቶዎቹን በቀን፣ በቦታ ስምና በካርታ ቁጥር ሰይሙ፣ አንድ ገጽ መግለጫ ጨምሩ፣ ማን እንዳነሳቸውና ማን መጠቀም እንደሚችል ጻፉ፣ ላኩ። ካርታው ላይ ያለ ጉድጓድ ፈልጋችሁ ካጣችሁም ዝም አትበሉ። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር ላይ ምንም አይታይም» የሚል መስመር ቀጣዩን ሰው ያነቃዋል፤ ጉድጓዱ በስስ አፈር ተሸፍኖ እዚያው ሊሆን ይችላል።