አብሮ ለመኖር ራስን መጣል አያስፈልግም፦ በኮንዶሚኒየም ሰፈር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ። አዲስ አበባ ዳር ያሉት እነዚህ ሰፈሮች ነዋሪያቸውን ያገናኘው ዕጣ ነው። አራት ኪሎ ተወልዶ ያደገው፣ ከወሎ የመጣው፣ መርካቶ የሚነግደው፣ ገና ሥራ የያዘችው ላጤ አንድ ደረጃ ይጋራሉ። ድሮ ሰፈር ውስጥ የጎረቤትን ጠባይ ለመልመድ ዓመታት ነበሩ። እዚህ ግን ሰው ዕቃውን አውርዶ ሳይጨርስ የጥበቃ ክፍያ ይጠየቃል። ጠብ የሚነሳውም አብዛኛውን ጊዜ የቱ የግል፣ የቱ የጋራ እንደሆነ ቀድሞ የተነጋገረበት ሰው ስለሌለ ነው። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ላንሳ።

«ቤቴ ነው፣ ምን አገባችሁ?»

ቤቱ የራስዎ ነው፣ እውነት። ግን በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 ነገሩን ለሁለት ይከፍለዋል፦ ቤቱ የግል፣ የተቀረው የሕንፃው ክፍል የጋራ። ደረጃውና ኮሪደሩ የአንድ ሰው አይደሉም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት ወይም ንዝረት እንዳያውክ ይከለክላል። ቡና አትቁሉ፣ ዕጣን አታጭሱ አላለም። የበዓል በግ ደረጃ ላይ አስሮ ቀናት ማሳደር ግን ሌላ ነገር ነው።

ዋናው ጠብ ግን ውሃ ላይ ነው። ዳር ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ማጉረምረም ሲጀምር ቤቱ ሁሉ ጀሪካንና ባልዲ ይዞ ይነሳል። ምድር ላይ ያለው ሰውዬ ታዲያ ፓምፑን በቀጥታ ከጋራው መስመር ጋር አገናኝቶ ሮቶውን ይሞላል። አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት ቧንቧ ቢከፍቱ የሚሰሙት ፉጨት ብቻ ነው። ሰውዬው «በገንዘቤ ነው የገዛሁት» ይላል። ልክ ነው፣ ፓምፑ የሱ ነው። መስመሩ ግን የሁሉም ነው። ፓምፑን ልንቀማው አይገባም። ውሃው በራሱ ግፊት መጀመሪያ ታች ወዳለ የጋራ ታንከር ይግባ፣ ከዚያ በፓምፕ ወደ ላይ ይሳብ። ወጪውን ብሎኩ ከተጋራው አራተኛ ፎቅም ይደርሳል።

በይሉኝታ «እሺ» ማለት

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። እሁድ ጠዋት ስብሰባ ይጠራል። የግቢው አጥር ይሠራ ተብሎ መዋጮ ይቆረጣል። «የሚቃወም አለ?» ዝም። «እንግዲህ ተስማምተናል።» ይጨበጨባል። እውነተኛው ስብሰባ የሚጀመረው ሰው ተበትኖ ደረጃው ጋ ሲደርስ ነው። «ከየት አምጥቼ ነው የምከፍለው?» «እኔማ ድሮም አጥሩን አልፈለግኩትም።» ወር ያልፋል። ግማሹ አልከፈለም። ሰብሳቢው ይናደዳል፣ የከፈለው ያልከፈለውን ያኮርፋል፣ ሰላምታ ይቀዘቅዛል። እዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሁሉም የሆዱን በሆዱ ይዞ ነው ያጨበጨበው።

እምቢ ማለት ለሚከብደው ሰው መላ አለው። የማይችሉትንና የሚችሉትን በአንድ ትንፋሽ መናገር ነው። «አጥሩን እደግፋለሁ፣ ግን በአንዴ አልችልም፤ በሦስት ወር ከፋፍሉልኝ።» «ጠዋት ለቡና አትጥሩኝ፣ ማታ ስለምሠራ ነው፤ ቅዳሜ ግን እኔ ጋ ነው የሚፈላው።» እንዲህ ካሉ ማንም አይቀየምም። ቢቀየምም ቶሎ ይለቀዋል።

ሰብሳቢዎችም «የሚቃወም አለ?» የሚለውን ተዉት። በዕድሜ የሚበልጡ ሰዎች ፊት ብድግ ብሎ «እኔ አለሁ» የሚል ስንት ሰው ነው? «ለማን ይከብደዋል? በስንት ጊዜ ቢከፈል ይቻላል?» ብትሉ ሰው አፉን ይፈታል።

የጠየቀን ሁሉ በጥባጭ ማለት

«ባለፈው የተዋጣው ብር የት ገባ?» ያለች ወጣት «ገና መምጣቷ ነው፣ ምላሷ ግን ረዘመ» ትባላለች። ሒሳቡን አሳዩዋትና ወደሚቀጥለው አጀንዳ እለፉ። ከዚህ በላይ የሚወራበት ነገር የለውም።

አብሮ መሆንን አንድ ዓይነት መሆን ማድረግ

ይሄን እንኳ እኛን የሚያስተምረን ሰው ባላስፈለገ ነበር። ሠርግ ቤት ሂዱ። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ ጭልፋ እንኳ አይዋዋስም። ለሚጾም ደግሞ ሽሮውና ምስሩ አለ። ድንኳኑ ግን አንድ ነው። «ለአንድ ቀን ብትበላ ምን አለበት?» ብሎ የሚጎተጉት ሰው ቢገኝ ነውረኛው እሱ ነው። አንዳንድ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ውስጥ ለእርድና ለድግስ የሚሆኑ የጋራ ቤቶች አብረው የተሠሩት ይሄ ኑሮ ታስቦ ነው።

ሥጋ ላይ እንዲህ የተጠበብን ሰዎች ፀጉሩን ድሬድ ያደረገ ልጅ ሲያልፍ ለምን እንጠቋቆማለን? ብቻዋን የምትኖር ሴት ቤት ማን ገባ ማን ወጣ ብለን ለምን እንቆጥራለን? ልጁ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ሲተክል ካደረ፣ ልጅቷም መዋጮዋን ከከፈለች፣ የቀረው የራሳቸው ጉዳይ ነው።

በሌላ በኩል «እኔ ሰው አልፈልግም» ብሎ ከዕድርም ከምኑም የሚወጣ አለ። ብዙ ጊዜ ያስመረረው አንድ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ለቅሶ ቤት በተራ ማደሩ። ዕድር ግን ለማይመቸው ሰው ድሮም መንገድ አለው። መገኘት ያልቻለ ያስፈቅዳል፣ ካልሆነም ቅጣቱን ይከፍላል። ጥሎ ከመውጣት በፊት የዕድሩን ጸሐፊ ማናገር ይቀላል።

«አንቺ ቻይው»

መቻቻል ሲባል የሚችለው ሁልጊዜ ያው ሰው ከሆነ ችግር አለ። ብዙ ጊዜ ሴቷ፣ ወጣቱ ወይም ተከራዩ ነው። ተከራይ ለጥበቃውም ለጽዳቱም ይከፍላል፤ በአዋጁ መሠረት የሚቋቋመው ማኅበር ግን የባለቤቶች ነው። ድምፅ ባይሰጥ እንኳ ሐሳቡ ይሰማ። ቆሻሻው በየትኛው ቀን ቢወጣ እንደሚሻል የሚያውቀው እዚያው የሚኖረው ሰው እንጂ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ሰፈር የሚኖረው ባለቤት አይደለም።

ሁሉን ነገር መሃል ላይ መቁረጥ

ከላይ ሙዚቃ የሚከፍት ወጣት፣ ከታች ሕፃን ያላት እናት። አስታራቂው «አንተም ትንሽ ቀንስ፣ አንቺም ትንሽ ቻይ» ብሎ ይሄዳል። ሁለቱም አልረኩም፣ በሳምንቱ እንደገና ይጣላሉ። ቁም ነገሩ ምን እንደሆነ ቢጠየቁ ኖሮ ይታወቅ ነበር፦ ወጣቱ የሚፈልገው ቅዳሜ ማታን ነው፤ እናትየዋን የሚያንገበግባት ደግሞ በማግስቱ ሥራ ያለባት ሌሊት ነው። ቅዳሜ እስከ አራት ሰዓት እንደልቡ ይክፈት፣ በሌላው ቀን የጆሮ ማዳመጫውን ያድርግ። ግማሽ በግማሽ ሳይካፈሉ ሁለቱም የፈለጉትን አገኙ።

አንዴ የተወሰነን ነገር አለመንካት

የግቢው በር ማታ ሦስት ሰዓት ይዘጋ ተብሎ ተወሰነ እንበል። ያኔ ለሁሉም ይመች ነበር። ከዚያ የማታ ተረኛ የሆነች ነርስ ተከራይታ ገባች። አሁን በየሌሊቱ በር ይንኳኳል፣ ጥበቃው ያጉረመርማል፣ እሷ ትሳቀቃለች። «ደንብ ደንብ ነው» የሚሉ አይጠፉም። ደንቡን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ እኮ! ውሳኔው ቃለ ጉባኤ ላይ ሲሰፍር እንደገና የሚታይበት ወርም አብሮ ይጻፍ። እስከዚያው ለነርሷ አንድ ቁልፍ ይቀረጽላት።