«እኔ ጋ ይሠራል እኮ!»፦ ዜናን ሥዕል የሚያደርግ ኮድ ስናጋራ የሚገጥሙ ችግሮች

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ቁጭ ብላችሁ አንድ ኮድ ጻፋችሁ እንበል። የጅማን አካባቢ የዜና ርዕሶች ይሰበስባል። ቃላቱን ይቆጥራል። ብዙ የተነሳውን ትልቅ ክብ፣ ጥቂት የተነሳውን ትንሽ ክብ አድርጎ ይስላል። የቡና ዜና ቡናማ ነው፣ የመንገድ ዜና ግራጫ። ያምራል። ፎልደሩን ዚፕ አድርጋችሁ ሄርማታ ላለች ጓደኛችሁ በቴሌግራም ትልኩላታላችሁ። መልሷ አጭር ነው፦ «ኧረ ምንም አይታየኝም!»

እንዲህ ያለው ችግር ደግ ነው፤ ቢያንስ ይናገራል። የሚያሳስበኝ ዝም የሚለው ነው። ሥዕሉ ይወጣል፣ ሁሉም «ዋው» ይላል፣ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው። ተራ ግራፍ ቢሆን አንድ ሰው ይጠራጠር ነበር። ሥዕል ሲሆን ስህተቱም የሠዓሊው ስልት ይመስላል። ስለዚህ የሚጮኹትን ቶሎ እንለፋቸውና ወደ ዝምተኞቹ እንሂድ።

ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል

በፒ5 ጄኤስ (ብራውዘር ላይ በሚስለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ከሠራችሁት፣ ጓደኛችሁ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጋ ከፍታው ይሆናል። በዚህ መንገድ ሲከፈት ብራውዘሩ ለደህንነት ሲል የዳታ ፋይሉን አያስነብብም። ፓይተን ሲጫን አንድ ትንሽ ሰርቨር አብሮ ይመጣል። ፎልደሩ ውስጥ እሱን አስነስታ በዚያ በኩል ትክፈተው። አሁንም ነጭ ከሆነ ላይብረሪው ከኢንተርኔት እየተጠራ እንደሆነ እዩ። ኔትወርክ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። አንዴ አውርዳችሁ ፎልደሩ ውስጥ አስቀምጡት። የፋይል ስምም አለ፦ ዊንዶውስ የእንግሊዝኛውን ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፣ ሊኑክስና ጊትሃብ ፔጅስ (ኮድ የሚጋራበት የጊትሃብ ድረ ገጽ ማውጫ) ይለያሉ። ሁሉንም በትንሹ ጽፋችሁ ተገላገሉ።

ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ይሆናል፣ ወይም የማይነበብ ነገር ይሆናል

ሁለቱ አንድ ችግር ይመስላሉ፤ አይደሉም። ሳጥን ካያችሁ ጥፋቱ የፎንት ነው። ብራውዘር ፊደል ሲያጣ ከኮምፒውተሩ ይበደራል። የፓይተኖቹ የሥዕል ላይብረሪዎች ማትፕሎትሊብና ወርድክላውድ ግን ይዘውት የሚመጡት ፎንት የኛን ፊደል የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ፎልደሩ ውስጥ አስገቡና ኮዱ ከዚያ እንዲያነብ አድርጉ። ፈቃዱ ማጋራትን ይፈቅዳል። የዊንዶውሱ ፎንት ኒያላ ግን የማይክሮሶፍት ስለሆነ ገልብጣችሁ አትላኩት።

ከሳጥን ይልቅ ጭረትና ነጥብ የተደረደረበት የላቲን ፊደል ካያችሁ ፎንቱን አትንኩ። ፋይሉ የተጻፈው በዩቲኤፍ-8 (የኛንም ፊደል በሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ) ነው፣ የተነበበው በሌላ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ካልነገሩት የራሱን የቆየ አነባበብ ሊመርጥ ይችላል። ፋይል ስትከፍቱም ስትጽፉም ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በግልጽ ንገሩት።

«ስለ ጅማ ያን ያህል ዜና እያለ፣ ክቧ ለምን አነሰች?»

አሁን ወደ ዝምተኞቹ ደረስን። ኮዱ ምንም ስህተት አላሳየም። ግን ቃላቱን ዘርዝራችሁ ብታዩ ጅማ ተበታትናለች፦ የጅማ፣ በጅማ፣ ከጅማ፣ ለጅማ፣ ጅማን፣ ጅማም። ለኮዱ ስድስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በእንግሊዝኛ ዜና የተለማመደ ኮድ ገልብጣችሁ ከሆነ ይህ አይቀርላችሁም።

ብዙ ሰው የሚያደርገው መጀመሪያ ላይ ያሉትን የ፣ በ፣ ከ፣ ለ መቁረጥ ነው። ያኔ ከተማ «ተማ» ይሆናል፣ የካቲት «ካቲት» ይሆናል። በቆሎ ደግሞ ቆሎ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ የእርሻ ዜናችሁ የመክሰስ ዜና ሆነ ማለት ነው። የተሻለው፣ ቅጥያውን የምትቆርጡት የቀረው ቃል ብቻውንም ዳታው ውስጥ ካለ ነው። በቆሎን የመሰሉትን ደግሞ «አይቆረጡም» በሚል ዝርዝር ያዟቸው። ዝርዝሩን ኮዱ ውስጥ አትቅበሩት። ለብቻው በጽሑፍ ፋይል ይሁን፣ ኮድ የማይችል ሰውም እንዲጨምርበት።

ቀጥሎ ድምፃቸው አንድ የሆኑት ፊደላት አሉ። አንዱ ኃይል ይላል፣ ሌላው ሀይል። አንዱ ፀሐይ፣ ሌላው ጸሀይ። ከመቁጠራችሁ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መልሱ፤ ሰባቱንም ድምፅ። ሀና ሃ፣ አና ኣም ድምፃቸው አንድ ስለሆነ አትርሷቸው። ይህ ግን ለቆጠራ ብቻ ነው። ሥዕሉ ላይ የሚታየው ቃል ዜናው እንደጻፈው ይሁን። ዓለምን «አለም» አድርጎ ግድግዳ ላይ መስቀል ለዓይን ደስ አይልም።

ሥርዓተ ነጥቡም ያታልላል። ብዙ ሰው አራት ነጥብ ለመጻፍ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል። ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ለሚሰጠው ሥርዓት) ግን ። እና ፡፡ ይለያያሉ። ኮዳችሁ አንዱን ብቻ ካጸዳ ሌላው ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ይቆጠራል። መጀመሪያ ድርቡን ወደ ። መልሱ፣ ከዚያ ነጠላውን ፡ ወደ ባዶ ቦታ።

ጅማ ላይ የአማርኛ ዜና ብቻ ከሰበሰባችሁ ደግሞ ሥዕሉ ግማሽ ነው። የአፋን ኦሮሞው ሲጨመር ሁዻ የምትባለዋ ጭረት (') ችግር ታመጣለች። አንዱ ቀጥ አድርጎ ይጽፋታል፣ ሌላው ጎበጥ አድርጎ። ኮዱ ጭረቷ ላይ ከቆረጠ አንዱ ቃል ሁለት ይሆናል። ወደ አንድ ዓይነት መልሷት፣ የቃሉ አካል አድርጋችሁም ቁጠሯት።

የጊዜው ሥዕል መሃሉ ባዶ ነው

ዜናውን በቀን ስትደረድሩ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ክፍተት ካያችሁ ሁለት ካሌንደር ቀላቅላችኋል። ገጹ ላይ የሚታየው መስከረም 2017 ሊሆን ይችላል፣ በአርኤስኤስ (ገጹ አዳዲስ ዜናውን ለፕሮግራሞች በሚያቀርብበት ዝርዝር) የሚመጣው ደግሞ የፈረንጁ ነው። ሰዓትም እንደዚያው ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት» የሚለውን ኮዱ እንዳለ ከወሰደው ዜናው ሌሊት ላይ ይወድቃል፤ ስድስት ሰዓት ይዛነፋል። ሲገባ ሁሉንም ወደ አንድ ካሌንደር ለውጡ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍም በሌላ አምድ ያዙ። ወደ እኛ አቆጣጠር የምትመልሱት ስትስሉ ነው።

ዓመቱን በክብ የምትስሉ ከሆነ በ12 አትክፈሉት። ጳጉሜን መሄጃ ታጣለች። በ13 እኩል ከከፈላችሁት ደግሞ አምስት ስድስት ቀኗ እንደ 30 ቀን ይለጠጣል። በቀን ቁጥር ክፈሉት። ቀጭን ሆና ትወጣለች፤ እኔ እንዲያውም እሷን እወዳታለሁ።

ከአንድ ወር በኋላ ዳታው ባዶ ይመጣል

የዜናው ገጽ ዲዛይኑን ቀይሯል። አርኤስኤስ ካለው በእሱ ተጠቀሙ፣ ቶሎ ቶሎ አይቀያየርም። ከኮዱ ጋርም ትንሽ የናሙና ዳታ ላኩ፤ ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ የምትሞክሩትም በእሱ ነው። ናሙናው ግን ሙሉ ጽሑፍ አይሁን። ዜናው የሌሎች ሥራ ነው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ቀን፣ ሊንክና የቃላት ቆጠራ ለሥዕሉ ይበቃዋል።

ለራሳችሁ ኮድም ፈቃድ ጻፉ። ጊትሃብ ላይ መታየቱ ብቻ ለማንም የመጠቀም መብት አይሰጥም። ለኮዱ የኤምአይቲ ፈቃድ፣ ለሥዕሎቹ ክሪየቲቭ ኮመንስ ጥሩ ነው።

ኮታችሁን የማታውቁት ሰው ጨርሶታል

የኤፒአይ ቁልፋችሁ (ኮዱ ከሌላ አገልግሎት ዳታ ሲጠይቅ እናንተ መሆናችሁን የሚያሳይበት የምስጢር ቃል) ከኮዱ ጋር ወጥቷል። መስመሩን አጥፍቶ እንደገና መላክ አይጠቅምም፤ ጊት (የኮዱን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግበው ፕሮግራም) የድሮውንም ይዞት ይቆያል። መጀመሪያ ቁልፉን ከሰጣችሁ አገልግሎት ገብታችሁ ሰርዙትና አዲስ አውጡ። አዲሱን ለብቻው ፋይል ውስጥ አድርጉት፣ ያንን ፋይል ጊት እንዲዘለው ንገሩት። ለጓደኞቻችሁም ቁልፉ የሚገባበት ቦታ ባዶ የሆነ ናሙና ፋይል ላኩላቸው።