የደንገጎ ቁልቁለት ላይ የሚጮኸው ፍሬን

ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ሲወረድ ፍሬኑ ይጮሃል፤ እጀታውን እስከ ጥግ ቢጨብጡትም ብስክሌቱ ቶሎ አይዝም። ችግሩ ገመዱ አልነበረም። የፍሬን ጎማው በሙቀት ጠንክሮ እንደ መስታወት ለስልሷል፤ ከቸርኬው የተላጡ የአሉሚኒየም ቅንጣቶችም ተሰክተውበታል። እነሱን በመርፌ አንድ በአንድ ማውጣት ግድ ነው፤ አለዚያ ቸርኬውን እየፋቁ ይጨርሱታል። ከዚያ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንጥፎ፣ ደብዛዛው ጎማ እስኪታይ የፍሬን ጎማውን ማሸት። ቸርኬውን በአልኮል መጥረግ፤ በነጭ ጋዝ ግን በፍጹም፣ ቅባት ይተዋል። የፍሬን ጎማው ሲታሰር የፊት ጫፉ ቸርኬውን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ ይንካ፤ ጩኸቱን ያጠፋው ይህ ነው። አወራረዱም ይቀየር፦ ፍሬን ሳይለቁ መውረድ ቸርኬውን ያግላል፣ ከመነዳሪም ያፈነዳል። ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርጎ ይዞ ቶሎ መልቀቅ።