አባ ኮዳና የመኪና ቀለም፦ ችግርና መፍትሄ ለሐዋሳ ሰው

ሐይቁ ዳር ያለው የዓሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሳ ልበላ ሄጄ መኪናዬን ዛፍ ጥላ ሥር አቆምኩ። ከፀሐይ አስጠለልኳት ብዬ ነው። ስመለስ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ ኮፋኖዋ ላይ ነጭ ኩሱን ለቆባታል። «ነገ ትታጠባለች» ብዬ አደርኩ። በማግስቱ ላቫጆ ታጠበች። ኩሱ ሄደ፣ ጠባሳው ቀረ።

ኩስ ያረፈበት ቦታ ጠባሳ ይዟል

የወፍ ኩስ አሲድነት አለው። ግን ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱም አለበት። ፀሐይ ላይ የጋለ ቀለም ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና የደረቀውን ኩስ ቅርጽ ይዞ ይቀራል። አባ ኮዳ ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት ለመቀዝቀዝ ኩሱን የገዛ እግሩ ላይ የሚለቅ ወፍ ነው። እግሩ ነጭ የሚመስለው ለዚህ ነው። ለራሱ እግር ያልራራ ለእናንተ ኮፋኖ አይራራም።

በደረቅ ጨርቅ አትፈትጉት፣ ይቧጭራል። ውሃ የጠገበ ጨርቅ አልብሱትና 10 ደቂቃ ያህል ተዉት። ሲርስ ሳትጫኑ አንሱት። ጠባሳ ከቀረ ጥፍራችሁን አሳልፉበት። ጥፍር ካልያዘው በደቃቅ ኮምፓውንድ (ቀለሙን በስሱ በሚፍቅ ቅባት) ብዙ ጊዜ ይለቃል። ጥፍር ከያዘው ጠልቆ ገብቷል፣ ለቀለም ባለሙያ ተዉት። እኔ አሁን መኪናዬ ውስጥ አንድ ሃይላንድ ውሃና ጨርቅ አይጠፋም።

ቀለሙ ፈዟል፣ ሲነኩት ዱቄት ይወጣዋል

ይሄ የፀሐይ ሥራ ነው። ሐዋሳ ከባህር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀይ መኪና ያለው ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ፖሊሽ ከማስደረጋችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። በነጭ ጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ ይዛችሁ የማይታይ ቦታ እሹ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ከላይ ክሊር፣ ማለትም ቀለሙን የሚሸፍነው ቀለም አልባ ንብርብር፣ የለም። ወይ ክሊር የማይረጭበት የድሮ ቀለም ነው፣ ወይ ክሊሩ አልቋል። የድሮ ቀለም ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ኮምፓውንድ የሞተውን ያነሳል፣ ዋክስ ይከተላል፣ መኪናው ይነሳል። ጨርቁ ቀለም ካልያዘ ክሊሩ አለ ማለት ነው። ግን ክሊር ከፀጉር የቀጠነ ነገር ነው፤ በየወሩ ኮምፓውንድ ካስደረጋችሁት ራሳችሁ ትጨርሱታላችሁ።

ነጭ ነጭ ሆኖ እንደ ቆዳ የሚላጥ ከሆነስ? እዚህ ላይ እኔ ተበልቻለሁ። አንድ ጋራዥ «ፖሊሽ ይመልሰዋል» ብሎኝ ከፈልኩ። ሁለት ሳምንት አበራ፣ ከዚያ እንደነበረው ሆነ። የተላጠ ክሊርን ፖሊሽ አይመልሰውም። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቀለምና ክሊር እንደ አዲስ መረጨት ነው።

ታጥቦ ሲደርቅ ክብ ክብ ነጠብጣብ ይታያል

ውሃው ይተናል፣ ውስጡ ያለው ማዕድን ይቀራል። ነጭ አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ደባልቁ፣ በጨርቅ ቀቡት፣ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ በብዙ ውሃ አለቅልቁ። በጋለ ብረት ላይ ግን አይሆንም። ለወደፊቱ ጥላ ሥር እጠቡ፣ ሳይደርቅ ወልውሉ።

ፀሐይ ሲመታው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ያሳያል

አንድ ባልዲ፣ አንድ ስፖንጅ፣ አንድ እፍኝ ኦሞ። ጎማ ያጠበው ስፖንጅ ኮፋኖ ላይ ይወጣል፤ አሸዋውም አብሮ። ኦሞው ደግሞ ዋክሱን ይገፈዋል። መጀመሪያ አቧራው በውሃ ይውረድ። ሁለት ባልዲ ይኑር፣ አንዱ ለሳሙና፣ ሌላው ስፖንጁን ለማለቅለቅ። ከላይ ጀምሩ፣ ጎማ መጨረሻ። እኔ ላቫጆ ስሄድ ሻምፖና ስፖንጅ ይዤ «ወንድሜ፣ ዛሬ በዚህ አድርግልኝ» እላለሁ። የሻይ ከጨመርኩ ቅር የሚለው የለም።

በናፍጣ የሚያብረቀርቁም አሉ። ለአንድ ቀን ያምራል፣ ከዚያ የከተማውን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል፤ የበርና የመስኮት ጎማንም ያበላሻል። ሐይቅ ዳር ወስዶ ማጠብማ ይቅር። የሐዋሳ ሐይቅ የሚፈስ መውጫ የለውም፤ የገባው ሳሙና እዚያው ነው።

ፓራፋንጎ ላይ ቀለሙ አብጧል

ጠጠር መትቶት ከሥር ዝገት ገብቷል። ንጹህ ላሜራ እስኪታይ ፍቁ፣ አንቲሩጂን (የዝገት መከላከያ) ቀቡ፣ ከዚያ ቀለም። ዝገት ላይ ስቱኮ የሚለጥፍ ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ዋክሱ አለ ወይስ አልቋል ለማለት ውሃ ርጩበት። ድብልብል ብሎ ከተንከባለለ አለ። ከተነጠፈ ድገሙት፤ እኔ በየሦስት ወሩ እደግማለሁ። አሞራ ገደልም ስሄድ አሁን የማቆመው ፀሐይ ላይ ነው። ፀሐይም ቀለም ይበላል፣ ግን እንደ አባ ኮዳ በአንድ ምሳ አይደለም።