የአይረን ኪኒንና ቡና አይስማሙም
አይረን (ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን) ወይም አይረን ያለበት መልቲቫይታሚን የምትወስዱ ከሆነ በቡና ወይም በሻይ አትዋጡት። በውስጣቸው ያሉት ፖሊፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አይረኑን ይይዙትና ብዙው አንጀት ሳይመጠው ያልፋል፤ ገንዘባችሁም አብሮ። ከቡናው 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ በውሃ ዋጡት፤ ብርቱካን ቢታከልበት ደግሞ የተሻለ ይመጠጣል። ወተትና የካልሲየም ኪኒንም 2 ሰዓት ይራቁት። የታይሮይድ መድኃኒት (ሌቮታይሮክሲን) ለምትወስዱ ግን በመድኃኒቱና በአይረኑ መካከል ያለው ልዩነት 4 ሰዓት ነው።

በባዶ ሆድ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ካቅለሸለሻችሁ ትንሽ ምግብ ቅመሱ፣ ከማቆም ይሻላል። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ፣ ከአይረኑ ነው። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ክፉኛ የሚሸት ከሆነ ግን ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ብልቃጡን ልጅ የማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት። ከረሜላ መስሎት ብዙ ፍሬ የዋጠ ሕፃን በአይረን መመረዝ ሊሞት ይችላልና፣ ምልክት ሳትጠብቁ ብልቃጡን ይዛችሁ ሆስፒታል ሩጡ።